ስለ ሰጋር በቅሎና ስለ ፈረስ አያያዝ

ከጎንደር ደጋ ወደ ሳንጃ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ ገራም ሰጋር በቅሎ ታላቅ ደስታ ናት። ሶምሶማ ተቀማጩን ያንገጫግጫል፤ የሰጋር አረማመድ ግን ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ወገብ ሳይደክም ማሳውንና ከብቱን እየተመለከቱ ለመሄድ ያስችላል። ሰጋር ፈረስም እንዲሁ ነው።

ዳሩ ግን ደስታው የሚጸናው በጥንቃቄ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለውን ደዌ ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ያስተላልፋሉ፤ እነዚህም ከምሽት እስከ ንጋት ይበረታሉ፤ በእርጥብና በሞቃት ስፍራም ይበዛሉ። ደዌው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች።

ስለዚህ ለቆላ ጉዞ በቅሎን መምረጥ፥ ፈረስ የሚወስድም አስቀድሞ ማስከተብ፥ ሲመሽም ከውሃ ዳር አርቆ በጋጣ ማሳደር ይገባል። ኮርቻውም ጀርባ እንዳይገጥብ በየጊዜው ይመርመር።