ስለ ጎነቆለ ገብስና ስለ ዶሮ መኖ

በከተማችን በአምቦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በየግቢው ያለው ሣር ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ከኅዳርም ጀምሮ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ዶሮዎች የሚለቅሙት ለምለም ነገር ያጣሉ። በዚህ ወራት ዕንቁላል ሲሰበር አስኳሉ ገርጥቶ የሚታየው ስለዚህ ነው፤ የአስኳል ቢጫነት ዶሮዋ ከምትበላው ቅጠል ወይም ከቢጫ በቆሎ የሚገኝ ቀለም ነውና። ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ በቤታቸው ጥቂት ዶሮ ስለማያጡ፥ ባለፈው በጋ ገብስ እያጎነቆልሁ ለዶሮዎቻችን በመስጠት የተማርሁትን፥ ስሕተቴንም ጭምር፥ ልጽፍላቸው አሰብሁ።

እህል ማጎንቆል ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሁሉ ብቅል ያውቃል። ገብሱ ይዘፈዘፋል፥ ውሃው ይጠነፈፋል፥ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይቀመጣል፥ ሲጎነቁልም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቅና ይፈጫል። በጾም ጊዜ የሚበላው የባቄላ በቆልትም ሥራው ይኸው ነው። በኦሮምኛ ቋንቋም ቢቂላ ማለት ቡቃያ ማለት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ድል ያገኘው የአበበ ቢቂላ የአባቱ ስም ከዚህ ቃል የመጣ ነው። እንግዲህ እኔ ለዶሮ ብዬ የሠራሁት ብቅል ሳይደርቅና ሳይፈጭ፥ ገና ለምለም ሳለ የሚሰጥ ነው ማለት ይቻላል።

ደረቅ የገብስ ፍሬ የተኛ ነገር ነው። ውሃ በጠጣ ጊዜ ግን ይነቃና በውስጡ ያሉት ኤንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ፤ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ብቅል ሲቀመስ የሚጣፍጠው ስለዚህ ነው። በገብስ ውስጥ ያለውና የዶሮን ኩስ የሚያጣብቀው ሙጫ መሳይ ነገርም በዚሁ ጊዜ ይቀንሳል። ቡቃያው ብርሃን አግኝቶ ሲለመልም ደግሞ ካሮቲን የሚባለው፥ የዶሮዋ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ይበዛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔን ያሳሳተኝ ሌላ ነገር ነበር።

እናቴ ዘጠኝ ዶሮዎች አሏት፤ ስድስቱ የፈረንጅ፥ ሦስቱ የአበሻ ናቸው። በየቀኑ ከተከካ በቆሎ፥ ከፉርሽካና ከፋጉሎ የተቀላቀለ አንድ ኪሎ ያህል መኖ ትሰጣቸው ነበር። የፋጉሎ ዋጋ በተወደደ ጊዜ እኔ አንድ ኪሎ ገብስ አጎንቁዬ በሰባት ቀን ብመዝነው አራት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ሆነ። ደስታዬን ምን ልንገራችሁ! አንዱን ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ የሚያደርስ ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝ። ስለዚህ ከደረቁ መኖ ግማሹን አስቀንሼ በምትኩ ግማሽ ኪሎ ጉንቁል መስጠት ጀመርሁ። ዶሮዎቹም እየተሻሙ ስለሚበሉት፥ እናቴ እንኳ «ልጄ መማሩ ጠቀመን» ብላ ለጎረቤት ተናግራ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን በቀን ስድስት ይገኝ የነበረው ዕንቁላል ወደ ሦስት ወረደ። የእኔ ደብተርና የታናሽ እኅቴ ጫማ የሚገዛው በዚሁ ዕንቁላል ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። እናቴ አንዲቱን ዶሮ አንሥታ ደረቷን በጣቷ ዳሰሰችና፥ «ደረቷ አጥንት ብቻ ሆኗል፤ ሆዷን ውሃ ሞላህባት እንጂ መቼ አበላሃት?» አለችኝ። እኔም በልቤ ስለ ቪታሚን ልከራከራት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ዕንቁላሉ ስለሌለ ዝም አልሁ።

በማግሥቱ በሰፈራችን ካለው ባለሱቅ ሚዛን ለምኜ ሁለተኛ ሙከራ አደረግሁ። እንደገና አንድ ኪሎ ገብስ አጎነቆልሁ፤ ሰባት ቀን ከሞላው በኋላ ግን ለዶሮ ሳልሰጠው በጆንያ ላይ አስጥቼ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ሲመዘን ስምንት መቶ ስድሳ ግራም ብቻ ሆነ። የጨመረው አራት ኪሎ ሁሉ ውሃ ኖሯል! ከፍሬውም ራሱ መቶ አርባ ግራም ጠፍቷል። የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ብጠይቃቸው፥ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት እስኪችል ድረስ የሚኖረው በፍሬው ውስጥ ያለውን ስታርች እያቃጠለ በመተንፈስ መሆኑን አስረዱኝ። የጎነቆለ እህል ፕሮቲኑ ጨመረ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ስታርቹ ስለተቃጠለ ድርሻው ከፍ ብሎ መታየቱ ነው። እንግዲህ ግማሽ ኪሎ ጉንቁል ስሰጣቸው ከውሃው በቀር የሚያገኙት መቶ ግራም እንኳ የማይሞላ ምግብ ነበር ማለት ነው። የእናቴ ጣት ከእኔ ሂሳብ ቀድሞ አውቆት ነበር።

ከዚያ በኋላ ደረቁን መኖ ወደ ቀድሞው መጠን መለስሁ፤ ጉንቁሉንም እንደ ምግብ ሳይሆን እንደ ጎመን ቈጥሬ ከቀትር በኋላ በትንሹ እሰጣቸው ጀመር። ዕንቁላሉ ወደ ስድስት የተመለሰው ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። አስኳሉ ግን ከገረጣ ቢጫነት ወደ ጥሩ ቢጫ ስለተለወጠ፥ ለፋሲካ ዕንቁላል ሊገዙ የመጡ ጎረቤቶች ምን እንደምናበላቸው ጠየቁን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለዘጠኝ ዶሮ በቀን መቶ ሃምሳ ግራም፥ ማለትም ሁለት እፍኝ ያህል ደረቅ ገብስ ይበቃል። እኛ የምንጠቀምበት ከጀልዱ ደጋ የሚመጣውን ነው። ገብሱ ተለቅሞና ታጥቦ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ጧት ይጠነፈፋል። እኔ አሮጌ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቄ ታቹን በጋለ ምስማር ስለበሳሁት ውሃ አይቋጥርም። በዚህ ላይ ገብሱ ከአንድ ጣት ውፍረት ሳይበልጥ ይነጠፋል፥ ጧትና ማታ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ለሁለት ቀን ተሸፍኖ ይቆይና ከዚያ ብርሃን ወዳለበት ይወጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቢሰጥ ይመረጣል፤ እስከ ሰባት ቀን ቢቆይ ብዙ ስታርች ይቃጠላል፥ ሥሩም ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ስለሚሆን ለዶሮ ያስቸግራል። እንዲህ ከሆነ በቢላዋ ከትፎ መስጠት ነው። (አንድ የክፍል ጓደኛዬ በአምቦ ውሃ ዘፍዝፈው ብሎኝ ነበር። ገብስ ግን የሚፈልገው አየር እንጂ ጋዝ አይደለምና ውሃውን ራሳችን ጠጣነው።)

በጣም መፍራት የሚገባው ሻጋታን ነው። በጥር የሌሊቱ ብርድ ቡቃያውን እንዳያቀጭጭ ብዬ በላስቲክ ሸፍኜው አደርሁ፤ በሦስተኛው ቀን ከታች ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ወጣበት፥ ሽታውም ተለወጠ። የላይኛው ደህና ስለመሰለኝ እርሱን ብቻ ልሰጥ ስል እናቴ ሁሉንም ጉድጓድ አስገባችው። ብቅል ሲበላሽባት የምታደርገው እንዲሁ ነው። በእህል ላይ የሚወጣ አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚያመነጭና መርዙም በማጠብ ስለማይወገድ፥ እርሷ ትክክል ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጀሪካኖቹን ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ እደፋቸዋለሁ።

ሌላም ሁለት ነገር አለ። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ፥ ብዙ ጊዜም ቀላ ያለ ቀለም ያለው እህል ፈጽሞ ለዶሮ አይሆንም። በባኮ በኩል ማሽላ የሚገኝላችሁ ተማሪዎችም ገብስ ቢጠፋ ስንዴ አጎንቁሉ እንጂ ማሽላ አታጎንቁሉ። የማሽላ ለጋ ቡቃያ በውስጡ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል፤ ከብት ለጋ ማሽላ በልቶ የሚሞተውም በዚሁ ነው።

አሁን ክረምት ስለገባ ግቢው ለምልሟል፥ ዶሮዎቹም ጉንቁሉን ከቁም ነገር አይጥፉትም። ጀሪካኖቹን አጥቤ ከጣራው ሥር ሰቅያቸዋለሁ፤ በኅዳር አወርዳቸዋለሁ። በዚያን ጊዜ ከዘጠኙ ዶሮዎች ለአራቱ ብቻ ጉንቁል እየሰጠሁ፥ ለአምስቱ ሳልሰጥ፥ ዕንቁላላቸውን ለየብቻ በደብተር ልጽፍ አስቤአለሁ። እናቴ ፈቅዳልኛለች፤ ደረቁን መኖ ግን ራሷ እየመዘነች እንደምትሰጥ አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች።