ሥጋችንን ለምድር እንዴት እንመልስ? ስለ ትሑት ቀብር የተጻፈ ትምህርት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ስለ ሞት መናገር ብዙ ሰው አይወድም። ስለ ሠርጉ ሲሆን ከዓመት በፊት ይመክራል፤ ስለ ቀብሩ ግን ሌሎች በለቅሶ መካከል በአንድ ሌሊት እንዲመክሩለት ይተዋል። በዚያችም ሌሊት የሚመክሩት ኀዘንና ይሉኝታ ናቸው እንጂ ጥበብ አይደለችም። ይህን የጻፍሁልህ ገና በጤና ሳለህ ነገሩን በልብህ እንድትመረምረው ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ አባወራ ቀብር ላይ ቆሜ ነበር። ሣጥኑ ያብለጨልጭ ነበር፤ መቃብሩም በኋላ በሲሚንቶና በእብነ በረድ ተሠራ፥ ዙሪያውም በብረት ታጠረ። ያየው ሰው ሁሉ አደነቀ። ዓመት ሳይሞላ ግን ባልቴቲቱ የሐውልቱን ዕዳ ለመክፈል የቤትዋን ዕቃ ስትሸጥ አየኋት። ለሞተው የምናደርገው ክብር በሕያዋን ላይ ሸክም ከሆነ፥ እርሱ ክብር ይባላልን?

ሸክሙም በባልቴቲቱ ላይ ብቻ አይደለም፤ በምድርም ላይ ነው። በአሜሪካ ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወደቁትን ወታደሮች ወደ ሩቅ ቤታቸው ለመመለስ ሲባል ሬሳን እንዳይበሰብስ በመድኃኒት ማቆየት ተስፋፋ። ዛሬ ለዚህ የሚውለው ፎርማሊን ነው፤ በውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ ግን ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ታውቋል፤ ይልቁንም በየቀኑ በእጃቸው ለሚይዙት ሠራተኞች ያሠጋል። በዚህም ላይ የብረት ሣጥንና የሲሚንቶ ጕድጓድ ይጨመራል። ሬሳን በእሳት ማቃጠልስ? መሬት አያጣብብም፤ ዳሩ ግን ምድጃው ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ድረስ መጋል ስላለበት ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፤ ጢሱም አየርን የሚያሞቅ ጋዝ፥ ደግሞም ከተሞላ ጥርስ የሚወጣውን ሜርኩሪ የሚባለውን መርዝ ይዞ ይወጣል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ተነሡ። ከመንገዶቹ ሦስቱን ልንገርህ።

1ኛ፤ ያለ መድኃኒትና ያለ ሲሚንቶ መቅበር። በ1993 በእንግሊዝ አገር፥ በካርላይል ከተማ መቃብር፥ በዛፎች መካከል እንዲህ መቅበር ተጀመረ። በ1998ም ቢሊ ካምፕቤል የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ራምሴ ክሪክ የተባለውን ስፍራ ለዚሁ ሥራ ከፈተ። ሬሳው በጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም በሚበሰብስ ሣጥን ሆኖ ወደ አፈር ይገባል፤ ስፍራውም ደን ሆኖ ይጠበቃል።

2ኛ፤ በውኃ ማሟሟት። ሬሳው በብረት ጋን ውስጥ ይደረጋል፤ ውኃና ሳሙና ለመሥራት የሚያገለግለው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመርበታል፤ እስከ 150 ዲግሪም ድረስ ይሞቃል። በጥቂት ሰዓታት ሥጋው ይሟሟል፤ አጥንቱ ግን ይቀራል፤ ደርቆና ተፈጭቶም እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ለቤተ ዘመድ ይሰጣል። ጢስ የለውም፤ የሚፈጀውም ኃይል ከእሳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

3ኛ፤ ወደ አፈር መለወጥ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት በ2019 ይህን በሕግ ፈቀደ፤ ከግዛቶቹም የመጀመሪያው ነበረ። ካትሪና ስፔድ የተባለች ሴት ያቋቋመችው ሪኮምፖዝ የተባለ ድርጅት በ2020 መጨረሻ በሲያትል አጠገብ ሥራውን ጀመረ። ሬሳው በእንጨት ፍቅፋቂ፥ በአልፋልፋና በገለባ መካከል ይጋደማል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳትም በራሳቸው ሙቀት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አፈር ያደርጉታል። ቤተ ዘመዱም አፈሩን ወስዶ ዛፍ ይተክልበታል፥ ወይም ለደን ይሰጠዋል።

«እንግዲህ የሙታን ትንሣኤ እንዴት ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፤ ስለ እምነታቸው በእሳት የተቃጠሉት ሰማዕታት፥ በባሕር የሰጠሙትም መርከበኞች ከእግዚአብሔር ፊት ጠፍተዋልን? አይደለም። አዳምን ከአፈር ያበጀ ጌታ ሥጋችንን ለማስነሣት የብረት ሣጥን እንድናዘጋጅለት አይጠብቅም። ዳሩ ግን ሥጋ እንደ ጥራጊ የሚጣል አይደለምና በዚህ ነገር ክርስቲያኖች ሁሉ አንድ አሳብ የላቸውም። የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት የትምህርተ ሃይማኖት ጉባኤ በመጋቢት 2023 በውኃ ማሟሟትና ወደ አፈር መለወጥ ለሰው ሥጋ የሚገባውን ክብር አያሳዩም ብሎ አስታወቀ። አንተም እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ አትናቅ።

በሌላ በኩል ግን የኬፕ ታውን ሊቀ ጳጳስ የነበሩትን ዴዝመንድ ቱቱን ተመልከት። የኖቤልን የሰላም ሽልማት በ1984 የተቀበሉ፥ በዓለም ሁሉ የታወቁ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ 26 ቀን 2021 ዐረፉ። አስቀድመው ግን ስለ ቀብራቸው ብዙ ገንዘብ እንዳይወጣ፥ ሣጥናቸውም ከሚገኘው ሁሉ ርካሹ እንዲሆን አዝዘው ነበር። ስለዚህ የገመድ መያዣ ባለው ተራ የጥድ ሣጥን ተሸኙ፤ ሥጋቸውም በውኃው መንገድ ተሟሞ፥ የቀረው ዱቄት በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ ዐረፈ። በዚህ ክብራቸው ጐደለን? ይልቁንም ትሕትናቸው ከእብነ በረድ ይልቅ ተናገረላቸው።

እኛስ ምን እናድርግ? የባሕር ማዶውን ጋን ለመመኘት አትቸኵል፤ አስቀድመህ የአባቶችህን ልማድ አስብ። እነርሱ የሞተውን አጥበው በከፈን ገነዙት፥ በሰሌን ጠቀለሉት፥ ባዶ አፈር ውስጥም አኖሩት። በላዩም በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለው ዛፍ ጥላውን ጣለ፤ በሰሜኑ አገራችን ሌላው ደን ሲመነጠር ይህ የተቀደሰ ደን በብዙ ስፍራ እስከ ዛሬ ቀርቶአል። በካርላይል በ1993 እንደ አዲስ ነገር የተጀመረውን አያቶቻችን ያውቁት ነበር። እኛ የከተማ ሰዎች ግን «ድኻ ነው» እንዳንባል ፈርተን ሰሌኑን በሚያብለጨልጭ ሣጥን፥ ዛፉንም በሲሚንቶ ለወጥነው።

እንግዲህ ይህን ምክር ተቀበል። ፈቃድህን ዛሬ በወረቀት ጽፈህ ለሚስትህና ለልጆችህ አንብብላቸው፤ ለእድርህ ዳኛም ንገር። በውጭ አገር የምትኖር ከሆንህ የዚያን አገር ሕግ ጠይቅ፤ ሬሳህም ወደ አገር ይላክ ብለህ ከማዘዝህ በፊት ወጪውንና መድኃኒቱን አስብ። መንገድም ስትመርጥ ራስህን በሦስት ነገር መርምር፤ ሥጋን የፈጠረውን አከብራለሁን? የምተዋቸውን ቤተ ሰቦቼን ከዕዳ አድናለሁን? ከእኔ በኋላ በዚህች ምድር የሚኖረውን ባልንጀራዬን እወድዳለሁን?

ሦስቱን አዎን ብለህ መመለስ ከቻልህ፥ ከፈንና ሰሌን ቢሆን፥ ሌላም ቢሆን፥ ቀብርህ ያማረ ነው። በሕይወትህ ሳለህ ለሰው ሸክም ላለመሆን እንደ ተጋህ፥ በሞትህም ቀን ለባልቴትህና ለምድሪቱ ሸክም አትሁን።