የሞተር ፍሬቻ እንዳይሰበር፦ ከመቆሚያው እስከ ግቢ በር

ፍሬቻ ተሰብሮ ሲገኝ ባለሞተሩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጅማን መንገድ፣ ሲኖትራኩንና ባጃጁን ነው። እኔ እንደታዘብኩት ግን አብዛኛው ፍሬቻ የሚሰበረው ሞተሩ ቆሞ ሳለ፣ እየተገፋ ወይም ጭነት ሲጫንበት ነው። በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ። አዲስ አበባ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስለከለከለች፣ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሥራው እዚሁ ነው፤ ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ጭቃ፣ ከጭቃ ወደ ጠባብ የግቢ በር። እዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከሞተሩ አካል ወደ ጎን ወጣ ብሎ የሚገኝ ነገር ሁሉ ይመታል።

መጀመሪያ መቆሚያውን አስተካክሉ። ከሰበታ ወደ ተፍኪ ሲወጣም ሆነ በሱሉልታ ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃ ጠጥቶ ይላላል። የጎን መቆሚያው ጫፍ ትንሽ ስለሆነ ጠዋት ደህና የቆመ ሞተር ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥልበት ቀስ እያለ ይሰምጥና በግራ ጎኑ ይተኛል። የመሪው ጫፍና የግራ ፍሬቻው አብረው መሬት ይመታሉ። መፍትሔው መዳፍ የሚያህል ጣውላ ነው። አንድ ጫፉን ብሱና ሲባጎ እሰሩበት፤ መቆሚያውን ስታወርዱ ከሥሩ አድርጉት፣ ስትነሱ ሲባጎውን ስባችሁ ኪስ ወይም ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋችሁ የምታገኙበት ቀን አለ፤ የማታገኙበት ቀን ነው ፍሬቻው የሚሰበረው።

ዳገት ላይ፣ ቡራዩ ውስጥ ይህ ብዙ ነው፣ የፊት ጎማውን ወደ ዳገቱ አዙራችሁ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። መሬቱ ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሞተሮች በሚሰለፉበት ቦታ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በጎን መቆሚያ የቆሙ ሁሉ ወደ ግራ ስለሚያጋድሉ አንዱ ሲወድቅ በስተግራው ያለውን ይዞ ይወድቃል። በስተቀኝ ጫፍ ያለው ቦታ ክፍት ከሆነ እሱን ያዙ። ካልሆነም በሁለት መሪዎች መካከል ሰው የሚያልፍበት ክፍተት ተዉ።

ቀጥሎ የግቢ በር። ሞተር ሲገፋ ሰው በግራ በኩል ይቆማል፤ ዓይኑም የሚያየው የግራውን መቃን ነው። የሚጋጨው ግን የቀኝ ፍሬቻ ነው። በሩ ጠባብ ከሆነ ሞተሩን ወደ ራሳችሁ ጠጋ አድርጉ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፊተኛው ካለፈ በኋላም አትዙሩ፤ የኋላ ፍሬቻ ገና አላለፈም። በፍሬቻው ቁመት ልክ በመቃኑ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ በምስማር ምቱበት። አከራይ ሊያጉረመርም ይችላል፤ ቆርቆሮ በሩም እንደማይላጥለት ንገሩት።

የኋላ ፍሬቻ ዋና ጠላት ጭነት ነው። ከወንበሩ ግራና ቀኝ ወርዶ የሚንጠለጠል ጆንያ ወይም ጀሪካን ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ፍሬቻውን ወደ ታች ይደቁሰዋል፤ ባይሰብረውም ይሸፍነዋል፤ ከኋላ ለሚመጣው አሽከርካሪ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው። ገመድ በፍሬቻው አንገት ሥር ፈጽሞ አታሳልፉ፤ ሲጠብቅ አንገቱን ይቆርጠዋል። ገመዱ የሚታሰረው በዕቃ መጫኛው ብረት ላይ ብቻ ነው። ዘወትር ጭነት የምትጭኑ ከሆነ ግን ማሰሩን ማስተካከል አይበቃም፤ በያጅ ዘንድ ሂዱና ፍሬቻዎቹን ወደ ኋላ፣ ወደ ሰሌዳው አጠገብ የሚያወጣ ብረት አሠሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሞተር ሳይክል መብራት ደንብ፣ ቁጥር 53፣ በሁለቱ የኋላ ፍሬቻዎች መካከል ቢያንስ 18 ሴንቲሜትር እንዲኖር፣ ከመሬትም ከ35 እስከ 120 ሴንቲሜትር ባለው ከፍታ ላይ እንዲሆኑ ይላል። አጥብበው ካቀራረቧቸው ግራውና ቀኙ ከሩቅ አይለይም። ብየዳው ሞተሩ ላይ አይሁን፤ ብረቱ ለብቻው ተበይዶ በቡሎን ይገጠም።

አሁን ወደ ፍሬቻው ራሱ እንምጣ። ስትገዙ አንገቱን በእጃችሁ እጠፉት። ታጥፎ ወዲያው የሚመለስ የላስቲክ አንገት ያለው ይሻላል፤ ድርቅ ያለ ፕላስቲክ አንገት ያለው መልኩ ቢያምርም በመጀመሪያው ምት ይሰበራል፤ አንዳንዴም የያዘውን ሽፋን አብሮ ይሰብራል። ስትገጥሙ ዳዶውን ከመጠን በላይ አታጥብቁ። ፍሬቻው በራሱ እንዳይዞር፣ በእጅ ሲገፋ ግን እንዲታጠፍ ነው የምትፈልጉት። በጣም የጠበቀ ዳዶ ላስቲኩን ጨፍልቆ ከሥሩ ይሰነጥቀዋል። ሮንዴላውን አትጣሉ፤ ኮብልስቶን ላይ የሚመላለስ ሞተር ንዝረቱ ዳዶ ያላላል። ስለዚህ ዘይት በምትቀይሩ ጊዜ ሁሉ አራቱንም በእጅ ነካ ነካ አድርጉ።

ሽቦውን በተመለከተ፣ ፍሬቻው ሲታጠፍ እንዳይበጠስ ትንሽ ልል አድርጉት። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙራችሁ ሽቦው የሚወጠር መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሉ። የፍሬቻውን ሽፋን በቤንዚን አትጠቡ፤ ፕላስቲኩን ያደበዝዘዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ውኃና ሳሙና ይበቃል።

የመከላከያ ብረት ያስገጠማችሁ ሰዎች በእርግጥ ይከላከል እንደሆነ በቀላሉ ማወቅ ትችላላችሁ። ረጅም ቀጥ ያለ እንጨት ውሰዱና አንዱን ጫፍ በመከላከያው ውጫዊ ጠርዝ፣ ሌላውን በመሪው ጫፍ ላይ አሳርፉ። የፊት ፍሬቻው ከእንጨቱ ውስጥ ከቀረ ሞተሩ ቢወድቅም የመትረፍ ዕድል አለው። እንጨቱን ከነካ ወይም ከወጣ ግን ብረቱ ለፍሬቻው ጌጥ ነው፤ ፍሬቻውን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሌላ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ሞተሩን በአይሱዙ ስትልኩት ግን በእንጨት መለካቱን ተዉና ፍሬቻዎቹን ፈታችሁ ያዙ።

ሞተሩ ከወደቀ በኋላ ጉዞ ከመቀጠላችሁ በፊት ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብሩ። ደህናው በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ ይላል። ከወትሮው ከፈጠነ አምፖል ተቃጥሏል ወይም ሽቦ ተነቅሏል፤ አምፖሉን በተመሳሳይ ዋት ቀይሩ። ወደ ኤልኢዲ ከቀየራችሁም ፍላሸሩ ለኤልኢዲ የሚሆን ካልሆነ ይፈጥናል። ብርቱካናማው ሽፋን ከተሰበረ ነጩን አምፖል ብቻ እያበራችሁ አትሂዱ፤ ለሌላው አሽከርካሪ ትርጉም የለውም። ወደ መርካቶ ለሚሄድ ሰው የተሰበረውን ለናሙና አስይዙት፤ በሞተሩ ስም ብቻ የተገዛ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው አይገጥምም። እስኪመጣ ድረስ በግራ እጃችሁ ምልክት ስጡ፦ ወደ ግራ ለመዞር ክንዳችሁን ዘርጉት፣ ወደ ቀኝ ለመዞር ከክርናችሁ ወደ ላይ እጠፉት። ሲመሽ ግን እጅ አይታይም፤ ፍሬቻው ሳይገጠም ሞተሩን ለማታ ሥራ አታውጡት።