የዘይት ፊልትሮ በየትኛው መፍቻ ይፈታ?

በልማት ሥራችን ተሽከርካሪ የሚቆመው ዘወትር በትልቅ ብልሽት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቆላማ ወረዳ የጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚስበው ጄኔሬተር ተበላሽቶ፣ መለዋወጫውን ይዘን በማግሥቱ ማለዳ ልንነሣ ተዘጋጅተን ነበር። ማምሻውን ከሾፌራችን ጋር የመኪናውን የሞተር ዘይት ለመቀየር ጀመርን። አሮጌው ፊልትሮ በእጅ አልዞር አለ። መፍቻ ስላልነበረን ካቻቢቴ በመዶሻ መትተን በጎኑ አሳለፍንና እንደ እጀታ ይዘን ለማዞር ሞከርን። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተተረተረ፤ መሠረቱ ግን ከሞተሩ ጋር እንደ ተጣበቀ ቀረ። መኪናው ሁለት ቀን ቆመ፤ የመንደሩ እናቶችም ሁለት ቀን ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ወረዱ።

ፊልትሮ የሚጣበቀው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የገጠመው ሰው ከልክ በላይ ስላጠበቀው፣ ወይም ጓርኒሲዮን የምንለውን የጎማ ቀለበት ዘይት ሳይቀባ በደረቁ ስላሰረው ነው። የፊልትሮው ገላ ስስ ቆርቆሮ ነው። ጥንካሬ ያለው ወፍራሙ የብረት ሳህን ባለበት በመሠረቱ ዙሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎኑን የሚይዝ መፍቻ ሁሉ በተቻለ መጠን ወደ ሞተሩ ተጠግቶ ሊይዝ ይገባዋል፤ መካከሉን ከያዘው ይጨፈልቀዋል።

መፍቻ ከመምረጣችን በፊት ቦታውን እንመልከት። ፊልትሮው ጎኑ ይደረሳል ወይስ ጫፉ ብቻ? እጀታ የሚወዛወዝበት ክፍተት አለ?

ጎኑ ክፍት ከሆነ የጨርቅ ወይም የቆዳ ማሰሪያ ያለው መፍቻ ይበቃል። ማሰሪያው ለትንሹም ለትልቁም ፊልትሮ ይሆናል፤ ጉድለቱ ዘይት ከነካው መንሸራተቱ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠርገን አሸዋ ወረቀት በመካከል ብናደርግለት ግን ይነክሳል። በጄኔሬተር ላይ ፊልትሮው አብዛኛውን ጊዜ ለእጅ ክፍት ስለሆነ፣ ለውኃ ኮሚቴዎች የምንመክረው ይህንኑ ነው። የብረት ቀበቶ ያለው መፍቻ ከጨርቁ የበለጠ ቢይዝም የሚሆነው ለተወሰነ ስፋት ነው። ሰንሰለታማው ከሁሉ ይበረታል፣ ፊልትሮውንም ይጎዳል፤ ለሚጣል ፊልትሮ ግን ምን ገዶን!

ጫፉ ብቻ የሚደረስ ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ፊልትሮውን እንደ ቆብ የሚደፋው መፍቻ ሲሆን በጠባብ ቦታ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ስፋቱም የጠርዞቹም ቁጥር በትክክል መግጠም አለበት፤ ፊልትሮው 14 ጠርዝ ካለው መፍቻውም 14 ይኑረው። ለአንድ ሞተር የሚሆኑ የተለያዩ ፋብሪካዎች ፊልትሮዎች በመጠን ስለሚለያዩ፣ ባለፈው የገጠመው ዘንድሮ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስንሄድ አዲሱን ፊልትሮ ይዘን፣ መፍቻውን ደፍተንበት፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን እንክፈል። ሁለተኛው ባለ ሦስት ጥፍሩ ነው፤ በተዞረ ቁጥር ጥፍሮቹ እየጠበቁ ስለሚይዙ ለብዙ መጠን ያገለግላል፤ በዙሪያው ግን ለጥፍሮቹ የሚበቃ ክፍተት ይፈልጋል። ልዩ ልዩ መኪና ያለው ጽሕፈት ቤት በጀቱ ለአንድ መፍቻ ብቻ ቢበቃው እኛ ይህን እንመርጣለን።

በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ፊልትሮው ወረቀት ብቻ ሆኖ በፕላስቲክ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል። ለዚህ ከራሱ ቆብ መፍቻ በቀር ሌላ አይነካም፤ ጥፍርና ሰንሰለት ክዳኑን ይሰነጥቁታል።

ሞተሩ ለብ ሲል እንጂ ሲያቃጥል አይፈታም። የሚፈታውም ጫፉን ፊት ለፊት እያየን ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ነው። ፊልትሮው ወደ ታች ተንጠልጥሎ እኛ ከላይ እጃችንን ስንሰድ አቅጣጫው የተገለበጠ ይመስላል፤ በዚህ ተሳስቶ እያጠበቀ ያለ ሰው አልፈታ አለኝ ሲል ብዙ ጊዜ አይተናል።

ከተፈታ በኋላ አሮጌው ጓርኒሲዮን አብሮ መውጣቱ ይታይ። በሞተሩ ላይ ቀርቶ አዲሱ ከተደረበበት ዘይቱ ሊፈስስ፣ ሞተሩም ሊነክስ ይችላል። አዲሱን ጓርኒሲዮን ዘይት ቀብተን፣ ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ብቻ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል እናጥብቀው፤ ፊልትሮው ላይ የተጻፈ ሌላ መመሪያ ካለ እርሱ ይቀድማል። ይህን የመሰለውን ቆርቆሮ ፊልትሮ ለማጥበቅ መፍቻ አይነሣም።

ተተርትሮ መሠረቱ ብቻ ከቀረስ? መሮ በመሠረቱ ጠርዝ ላይ በጎን አቁሞ ወደ መፍቻው አቅጣጫ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ መሮው ጓርኒሲዮኑ የሚያርፍበትን የሞተሩን ለስላሳ ገጽ እንዳይጭረው መጠንቀቅ ያሻል። በዚያ ቆላ ከወረዳው ከተማ የመጣልን መካኒክ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሥራው ከሩብ ሰዓት አልበለጠም፤ ሁለቱን ቀን የወሰደው እርሱን ፈልጎ ማምጣት ነበር።