ስለ ቡርጎኝ ነጭ ወይንና ስለ ዘሩ አመራረጥ

ሐረገ ወይን ቦታውን የሚመርጥ ተክል ነው፤ በአንዱ አገር የከበረው ዘር በሌላው አገር ሊመክን ይችላል። ስለዚህ በሰቆጣ ደጋና ወደ ተከዜ በሚወርደው በሰሃላ ቆላ ወይን ለማስተከል የሚያስቡ የአገር ገዢዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች አስቀድመው የሌላውን አገር ሥራ ሊመረምሩ ይገባቸዋል።

በፈረንሳይ አገር በምሥራቅ በኩል ቡርጎኝ የሚባል በነጭ ወይኑ የታወቀ ግዛት አለ። ነጩ ወይን በብዛት የሚጠመቀው ከሁለት ዘር ነው፤ አንደኛው ሻርዶኔ፣ ሁለተኛው አሊጎቴ ይባላል። አሊጎቴ ኮምጣጣነቱ ይበረታል፤ የበለጠ ዋጋ ያለው ሻርዶኔ ነው። ይኸው ሻርዶኔ ብርድ በሚበረታበት በሻብሊ፣ የጥንት ባሕር ዛጎል በተቀላቀለበት የኖራ አፈር ሲበቅል ወይኑ ቀጭንና ስል ይሆናል፤ በመርሶ ሲበቅል ግን ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል። ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጣዕሙን የሚለውጡት አፈሩ፣ አየሩና የጠማቂው ሙያ ናቸው። ነጩ ወይን ሲጠመቅ ጭማቂው ከልጣጩ ተለይቶ ይፈላል፤ ቀዩ ግን ከነልጣጩ ይፈላል።

የዘር ምርጫ ከጥንት ጀምሮ የገዢዎችን አሳብ የያዘ ነገር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1395 ዓ.ም. የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ ጋሜ የሚባለው ቀይ ዘር ፍሬው ቢበዛም ወይኑ የማይረባ ነው ብሎ እንዲነቀል አዘዘ። ደግሞ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1863 ዓ.ም. ጀምሮ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር የሚበላ ተባይ ከአሜሪካ ገብቶ የፈረንሳይን ወይን አጠፋ፤ መድኃኒቱም የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚችለው በአሜሪካው ወይን ሥር ላይ ማጣበቅ ሆነ።

ሻርዶኔ ወደ ኢትዮጵያም መጥቷል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ባቱ በምትባለው በዝዋይ ከቀይ ዘሮች ጋራ ተክሎት፣ በ2014 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ወይኑን ለገበያ አቀረበ። ነገር ግን ዝዋይ ሐይቅ አጠገቡ ያለ አገር ነው፤ ተክሉም በመስኖ ይጠጣል።

የዋግን ነገር በዚህ መመዘን ያስፈልጋል። በቡርጎኝ ተክሉ በክረምት ብርድ ይተኛል፤ በኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ በመግረዝና ውሃ በመከልከል ማሳረፍ ይገባል። ፍሬው በዝናብ እንዳይበሰብስ በመስከረም ቢገረዝ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ወር በኋላ በበጋ ይበስላል። እንግዲህ ወይኑ ውሃ የሚሻው ምንጩ በሚጎድልበት፣ ሰውና ከብትም በሚጠማበት ወራት ነው ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅ ያየ አገር ይህን ነገር አቃልሎ ሊያየው አይችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅ። አንደኛ፣ የበጋው ውሃ ሳይለካ ችግኝ አይተከል። ሁለተኛ፣ ችግኙ ተባይ እንዳይዞ እንዳይመጣ ሳይመረመር አይግባ። ሦስተኛ፣ የገበሬው የጤፍና የማሽላ ማሳ አይነካ፤ መጀመሪያ ጥቂት ሐረግ በጓሮ ተተክሎ ለጥቂት ዓመታት ይፈተን። ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን ዘቢብ ስለምትሻ ጥቂቱም ፍሬ ጥቅም አለው። የፈተናው ውጤት መልካም ቢሆን ተክሉ ይስፋፋል፤ ባይሆንም የሚጠፋው ጥቂት ሐረግ እንጂ የድኻው እህል አይደለም።