የደበዘዘ ቀለም ጸዳል

ከመተማ ዮሐንስ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት፣ ከዚያም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገዳሪፍ ይገኛል። አገሩ የማሽላና የሰሊጥ አገር ነው። ጥቁር አፈሩ በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይቦናል። በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ስፍራ ፀሐይ ላይ የሚውል ሞተር ብስክሌት ቀይ ቀለሙ ገርጥቶ ኖራ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ይህ ስለ ምን ይሆናል? የቀለሙን ቅንጣቶች አያይዞ የያዘው ሙጫ መሰል ነገር በፀሐይ ጨረር ይፈራርሳል። የሻከረውም ገጽ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ከማንጸባረቅ ይልቅ ይበታትነዋል። ጉዳዩ የማማር ብቻ አይደለም፤ ቀለሙ አልቆ የቤንዚን መያዣው ብረት ከተጋለጠ ዝገት ይይዘዋል።

በናፍጣ የሚወለውል ሰው ለጊዜው ይደሰታል፤ ቅባቱ ግን አቧራ ይሰበስባል። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ መፈተግማ ቀለሙን መሞረድ ነው።

ስለዚህ ሞተሩ በጥላ ከበረደ በኋላ በብዙ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ከዚያም በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ ተይዞ ከማይታይ ቦታ ይሞከራል። ጨርቁ ከቀላ የሚታሸው ራሱ ቀለሙ ነው፤ ካልቀላ ከቀለሙ በላይ ጥርት ያለ ልባስ አለ። ይህ ልባስ ተላጦ ከሆነ ፖሊሽ አይመልሰውም፤ እንደገና መቀባት ግድ ነው። በጠርዝ በጠርዙ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እጅ ይቅለል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል፤ ሰም የተመለሰውን ጸዳል ይጠብቃል እንጂ አይፈጥረውም።

ጥያቄ፦ በናፍጣና በፖሊሽ የሚገኘው ማብረቅረቅ በምን ይለያያል?