በኅብረት እህል መግዛት፦ የቤተሰቦች የሸማች ማኅበር አመሠራረትና አመራር በባምባሲ አካባቢ

መግቢያ

ድርቅ ሰውን ከቀየው የሚያፈናቅለው ዝናብ በመጥፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ እህል በተወደደበት ወቅት መሸመቻ ገንዘብ በመታጣቱም ጭምር ነው። ይህ ችግር ሰፋሪው ዝናብ ወዳለበት አካባቢ ከተዛወረ በኋላም ይከተለዋል። ከአሶሳ በስተደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ባምባሲ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። የበርታና የማኦ ተወላጆች በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሳቢያ ከወሎ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በቁጥር በሚጠሩ መንደሮች ሰፍረዋል።

በአካባቢው ዝናብ የሚዘንበው በዓመት አንድ ወቅት ነው። በቆሎና ማሽላ በሚሰበሰብባቸው ወራት ገበያው በእህል ይሞላል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ቤተሰቡ ግብር፣ ዕዳና የልብስ ወጪ ስላለበት በዚሁ ጊዜ ከእህሉ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርስ ጎተራው ይራቆታል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ በርካሽ የሸጠውንም እህል በጣሳ እየተሰፈረ በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። የኅብረት ግዢ ዓላማ ይህን ኪሣራ ማስቀረት ነው።

ካለፈው ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

በሰፈራው ዘመን የሰፋሪው ቀለብ በመጀመሪያ የሚታደለው ከመንግሥት ሲሆን፣ እርሻውም በአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥር ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በታወጀ ጊዜ በአገሪቱ የሚገኙት አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። እድርና እቁብ ግን አልፈረሱም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእድር ገንዘብ የአባላቱ የራሳቸው ነው፣ ዳኛውን የሚመርጡት እነርሱ ናቸው፣ ሒሳቡም በሸንጎ ይሰማል።

የውጭው ዓለም ተሞክሮም ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡትም ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማን የመሰለ የዕለት ፍጆታ ነበር። ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ በእጅ በእጅ ሽያጭ፣ ትርፍንም እንደየግዢው መጠን ማከፋፈል የሚሉት ደንቦቻቸው ዛሬም የሸማቾች ማኅበራት መሠረት ናቸው።

አመሠራረት

1. አባላት። ከ15 እስከ 25 በሚሆኑ፣ በእድር ወይም በጉርብትና በሚተዋወቁ ቤተሰቦች መጀመር ይመረጣል። የቤቱን ቀለብ የምትመጥነው እናት በመሆኗ ሴቶች በስም ብቻ ሳይሆን በኮሚቴው ውስጥ መገኘት አለባቸው።

2. የሚገዛው ዕቃ። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ወይም በሁለት ዓይነት እህል መወሰን ይበጃል። ዘይትና ስኳር የሚጨመሩት ሒሳቡ ከተለመደ በኋላ ሲሆን፣ መጠናቸውም ጾምንና ረመዳንን አገናዝቦ ይወሰናል።

3. መጠን። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ፣ አምስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ ለሦስቱ የክረምት ወራት ደግሞ 2 ኩንታል ከ25 ኪሎ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ20 ቤተሰቦች ግዢ 45 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ መጠን የሚገዛ ማኅበር ከአምራቹ ጋር በቀጥታ ይዋዋላል፤ የጭነቱንም ወጪ ለሃያ ይካፈላል።

4. መዋጮ። ገንዘቡ መሰብሰብ ያለበት ሰሊጥና ለውዝ ተሽጦ ጥሬ ገንዘብ በእጅ በሚገኝበት ወቅት ነው። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ከራሱ ምርት በዓይነት ቢያስገባ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተተምኖ ይመዘገብለታል።

አመራርና አጠባበቅ

እህሉ ሲገባም ሲወጣም በሚዛን ይመዘናል፤ በቁና ወይም በጣሳ መስፈር ለጠብ በር ይከፍታል። አንድ መዝገብ ለገንዘብ፣ አንድ ለእህል፣ አንድ ለየአባሉ ሒሳብ ይያዛል። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ኖሮት በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀመጣል። በየወሩም ጆንያው በአባላት ፊት ተቆጥሮ ማንበብ ለማይችሉት ጭምር ሒሳቡ በቃል ይነበባል።

በባምባሲ እርጥበታማ አየር የእህል ዋና ጠላቶች ሻጋታና ነቀዝ ናቸው። በቆሎው መድረቁን ለማወቅ ጥቂት እህል ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ተጨምሮ ይናጣል፤ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ስለሆነ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። አየር የማያስገባ ጆንያ ከተገኘ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይከላከላል። መርዛማ ጭስ የሚያወጣ የነቀዝ መድኃኒት ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

አስቸጋሪው ጥያቄ፦ ዱቤ

ማኅበሩን በብርቱ የሚፈትነው ወቅት ነሐሴ ነው። መዋጮውን ያላሟላች፣ ልጆቿ የተራቡባት እናት ወደ መጋዘኑ ትመጣለች። ኮሚቴው ቢከለክላት ጭካኔ ይሆናል፤ በዱቤ ቢሰጣትና ሌሎችም ቢከተሉ የሚቀጥለው ዓመት መግዣ ያልቃል። መፍትሔው ሁለቱን ሒሳቦች መለየት ነው። የግዢው ገንዘብ ለዱቤ አይነካም፤ ለችግረኛ ግን እንደ እድር ከየአባሉ ጥቂት እየተነሣ የሚጠራቀም የመረዳጃ ሒሳብ አስቀድሞ ይቋቋማል። እናቲቱ የምትረዳው ከዚህ ሒሳብ ሲሆን፣ የሚሰጣትም ዕዳ ሳይሆን ዕርዳታ ይባላል።

የሠራተኞች ድርሻ

የመንግሥትና የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኞች መርዳት የሚገባቸው ሚዛንና መዝገብ በማቅረብ፣ ሒሳብ አያያዝን በማስተማር፣ እንዲሁም ማኅበሩ ሲጠነክር በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት እንዲመዘገብ በማገዝ ነው። ሊቀመንበር መሾም ግን የእነርሱ ተግባር አይደለም። አባላቱ ምንም ሳያዋጡ የመነሻ ገንዘብ መስጠትም ማኅበሩን አያጠነክርም፤ ያለ መዋጮ የመጣ ገንዘብ ጠባቂ የለውምና። ለጋሹ መጨመር ከፈለገ አባላቱ አንድ ጊዜ ገዝተው፣ አከፋፍለውና ሒሳብ ዘግተው ካዩ በኋላ፣ ያውም በመረዳጃው ሒሳብ በኩል ቢሆን ይሻላል።

ማጠቃለያ

ሰፋሪው ራሱን ቻለ የሚባለው እርሻ ስላገኘ ብቻ አይደለም፤ ያመረተው ወይም የሸመተው እህል እስከሚቀጥለው አዝመራ ሲያደርሰው ነው። ለዚህ የሚያበቃው ማኅበር ከላይ ተደራጅቶ የሚወርድ ሳይሆን፣ አባላቱ በገዛ ገንዘባቸው መሥርተው በገዛ ዓይናቸው የሚጠብቁት ነው።